ልብ ወለድ አንብበው የተሰማዎትን እንዴት ይጽፉታል

አንድ ልብ ወለድ አንብበን ስናበቃ ለጠየቀን ሰው የምንመልሰው ብዙውን ጊዜ «ግሩም ነው»፣ «ልብ ይሰቅላል» ወይም «እኔን አልጣመኝም» ከማለት አያልፍም። እነዚህ ቃላት ሐሰት አይደሉም፤ ነገር ግን ስሜቱ ከየትኛው ገጽ፣ ከየትኛው ገጸ ባሕርይ፣ ከየትኛው ዐረፍተ ነገር እንደ ተነሣ ስለማያመለክቱ፣ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ለሰሚው ብቻ ሳይሆን ለተናጋሪው ለራሱም ባዶ ይሆናሉ። ያነበብኋቸውን መጻሕፍት መመዝገብ በጀመርሁበት ዘመን የያዝሁትን ደብተር ዛሬ ስገልጠው፣ ከአንዳንዱ መጽሐፍ ርእስ ሥር «እጅግ ግሩም» የሚል ሁለት ቃል ብቻ አገኛለሁ፤ ምኑ ግሩም እንደ ነበረ ግን ደብተሩም አይነግረኝም፣ እኔም አላስታውስም። ከዚያ ወዲህ አጻጻፌን ቀስ በቀስ እየቀየርሁ መጥቻለሁ። ከዚህ በታች የማቀርበው አካሄድ በቅርብ ዓመታት የወጡ ልብ ወለዶችን እያነበቡ ስሜታቸውን በጽሑፍ ማስቀመጥ ለሚፈልጉ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ የማምንበት ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የአንባቢ ስሜት ሂስ አይደለም፤ የታሪኩ አጭር ቅጂም አይደለም። ሐያሲ ሥራውን ከሌሎች ሥራዎች፣ ከዘመኑና ከሥነ ጽሑፍ ወግ ጋር እያመዛዘነ ፍርድ ይሰጣል፤ ታሪኩን የሚያሳጥር ሰው ደግሞ ማን ምን እንዳደረገ ይተርካል። የእርስዎ ድርሻ መጽሐፉ በዚህ ወቅት በእርስዎ ላይ ምን እንዳደረገ፣ ያደረገውም በምን እንደሆነ መመስከር ነው። ምስክር «አየሁ» ካለ የት ቆሞ እንዳየ ይጠየቃል። በዚህም ምክንያት፣ ስሜትዎን በጻፉ ቁጥር ስሜቱን የቀሰቀሰውን ቦታ አብረው ይጻፉ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ሌሎች ነጥቦች ሁሉ ከዚህ አንድ ልማድ የሚወጡ ናቸው።

እያነበቡ ሳለ

መጽሐፉ የራስዎ ከሆነ እርሳስ ይያዙ፤ የሰው ከሆነ ደግሞ በመጽሐፉ ላይ ምንም ሳይጽፉ አንዲት የታጠፈች ወረቀት በውስጡ ያኑሩና የገጹን ቁጥር በእርሷ ላይ ይጻፉ። በአገራችን አንድ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በብዙ ሰው ስለሚነበብ ይህ ጥንቃቄ ጥቂት አይደለም። ሆኖም በወጣትነቴ በኪራይ እየወሰድሁ ካነበብኋቸው መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ከእኔ በፊት ያነበቡ ሰዎች «ምስኪን!»፣ «ዋሸ!»፣ «እዚህ ላይ አለቀስሁ» ብለው የጻፏቸውን ቃላት አሁንም አልረሳኋቸውም። እነዚያ ሰዎች ስማቸውን ሳይተዉ ከምክንያቱ አጠገብ የተቀመጠ ስሜት ትተውልኛል፤ «እዚህ ላይ» የሚለው ቃል ከ«አለቀስሁ» ይልቅ እንደሚከብድ የተማርሁትም ከእነርሱ ነው።

በወረቀቷ ላይ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ሦስት ዓይነት ቦታዎችን ብቻ ምልክት ያድርጉባቸው፦ ሳያስቡት ንባቡን ገታ ያደረጉበትን፣ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ያነበቡትን፣ ዘልለው ማለፍ ያማረዎትን ወይም የሰለቹበትን ቦታ። ከገጹ ቁጥር ጎን ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል። ሦስተኛው ዓይነት በብዙዎች ዘንድ ይናቃል፤ እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የምጠነቀቅለት እርሱን ነው፤ ምክንያቱም ንባቡን ጨርሰን መጽሐፉን ወደድነው ካልን በኋላ የሰለቸንበትን ምዕራፍ ፈጥነን እንረሳዋለን። መጽሐፉን መቼና እንዴት ባለ ሁኔታ እንዳነበቡትም በአጭሩ ይመዝግቡ። ከሥራ መልስ በታክሲ ወረፋ ላይ በአሥር በአሥር ገጽ የተነበበ ልብ ወለድና በአንድ ዝናባም እሑድ በአንድ ጊዜ ያለቀ ልብ ወለድ በአንባቢው ላይ እኩል አይሠሩም፤ የተበጣጠሰው መጽሐፉ ይሁን ንባቡ ኋላ ላይ ለመለየት የሚረዳዎት ይህች አንዲት መስመር ናት።

ስሜቱን ወደ ምንጩ መመለስ

መጽሐፉን የዘጉ ዕለት፣ የማንንም አስተያየት ሳያነቡ፣ ሽልማት ማግኘት አለማግኘቱንም ሳይጠይቁ፣ አምስት ስድስት መስመር ይጻፉ። ቋንቋው ባያምርም ግድ የለም። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ይተዉት። ሳምንቱ ሲሞላ ያን ጥሬ ጽሑፍና ገጾቹን የመዘገቡባትን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው «ይህ ስሜት ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁ። ሥራው በእውነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ በአንድ ምሳሌ ልዘርዝረው።

አየርላንዳዊቷ ክሌር ኪገን እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተመችው «ስሞል ቲንግስ ላይክ ዚዝ» የተሰኘ ሥራ በጣም አጭር ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1985 የገና ሰሞን፣ ኒው ሮስ በተባለች የአየርላንድ ከተማ ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ቢል ፈርሎንግ የድንጋይ ከሰልና የማገዶ ነጋዴ፣ የአምስት ሴቶች ልጆች አባት ነው። ከሰል ሊያደርስ ወደ መነኮሳዪያት ገዳም በሄደበት ጧት አንዲት ልጅ በከሰል ማከማቻው ውስጥ ተቆልፎባት ያገኛል። ይህን መጽሐፍ በጨረስሁበት ምሽት የጻፍሁት «ከበደኝ፤ ሌሊቱን ስለ ልጅቱ ሳስብ አደርሁ» የሚል ነበር። እውነት መስሎኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ወረቀቴን ሳይ፣ ምልክት ያደረግሁባቸው አብዛኞቹ ገጾች ልጅቱ የሌለችባቸው ሆነው አገኘኋቸው። የቆምሁት የፈርሎንግ ሚስት አይሊን በሕይወት ወደ ፊት ለመሄድ አይቶ ማለፍ የሚያስፈልግ ነገር እንዳለ በምትነግረው ቦታ ነበር፤ ዳግመኛም በከተማዋ የአንድ ምግብ ቤት ባለቤት የሆነች ሴት መነኮሳዪያቱ እጃቸው የማይደርስበት ነገር እንደሌለ በማሰብ እንዲጠነቀቅ በምትመክረው ቦታ ነበር። ሴት ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከዚያው ገዳም ጋር የተያያዘ መሆኑ ምክሩን ከባድ ያደርገዋል።

ታዲያ የከበደኝ ምን ነበር? የእነዚያን ሴቶች ድምፅ አውቀዋለሁ። «አንተን ምን አገባህ? አርፈህ ልጆችህን አሳድግ» የሚለውን ቃል ከክፉ ሰዎች ሳይሆን ከሚወዱኝ ሰዎች አፍ ሰምቼው አድጌአለሁ፤ እኔም ለሌሎች ተናግሬዋለሁ። መጽሐፉ ከባድ የሆነብኝ ጨካኝ ሰዎችን ስላሳየኝ ሳይሆን፣ ደግ ሰዎች ለቤታቸው በማሰብ ብቻ እንዴት ዝም እንደሚሉ ስላሳየኝ ነው። ይህን የመሰለ ዐረፍተ ነገር በመጀመሪያው ምሽት ልጽፈው አልችልም ነበር። የጻፍሁት «ከበደኝ» እውነት ቢሆንም ምንጩን የተሳሳተ ቦታ ላይ አስቀምጦት ነበር።

ከዚህ ምሳሌ ጋር አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ይነሣል፤ እርሱም ስለ ታሪኩ ዳራ ምን ያህል እንጻፍ የሚለው ነው። የመጽሐፉ መነሻ ማግደሊን ላውንደሪስ የሚባሉት፣ ሴቶችና ልጃገረዶች ታግተው ያለ ደመወዝ ልብስ እንዲያጥቡ ይደረጉባቸው የነበሩ ተቋማት ናቸው፤ የመጨረሻው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን የአየርላንድ መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2013 ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሳይነግሩት ቢያልፉ የሩቅ ዘመን ታሪክ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ሁለት መስመር ይገባዋል። ከዚያ በላይ ከሄደ ግን ጽሑፍዎ ስለ ተቋማቱ የተጻፈ ዘገባ ይሆንና እርስዎም መጽሐፉም ከውስጡ ትወጣላችሁ።

መጽሐፉ ስለ እኛ ሲናገር

የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ስለ ገዛ አገራችን የተጻፈ ልብ ወለድ ነው፤ ምክንያቱም መጽሐፉ የሰጠንንና እኛ ይዘን የገባነውን መለየት ያስቸግራል። መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ በ2020 በእንግሊዝኛ ለተጻፉ ልብ ወለዶች ለሚሰጠው የቡከር ሽልማት በመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ የገባ ሥራ ነው። በ1928 ዓ.ም. በጀመረው የኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ሂሩት የተባለች ወላጅ አልባ ልጅ በኪዳኔና በአስቴር ቤት በአገልጋይነት ትኖራለች፤ ከአባቷ የወረሰችውን ውጅግራ ጠመንጃ ኪዳኔ ለጦርነቱ ብሎ ይወስድባታል። ቀጥሎም ሴቶቹ ራሳቸው ወደ ጦርነቱ ይገባሉ።

ይህን መጽሐፍ ሳነብ ያደረግሁትን እርስዎም እንዲያደርጉት እመክራለሁ፤ ገጹን በመሐል በመስመር ከፍዬ በአንዱ ወገን «ከመጽሐፉ»፣ በሌላው ወገን «ከእኔ» ብዬ ጻፍሁ። «ከእኔ» በሚለው ሥር የገባው አያቴ ስለ ጠላት ዘመን ስታወራ የሰማሁት ነበር፤ ወንዶቹ በስማቸውና በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ ሴቶቹ ግን «ስንቅ ያቀበሉ» ተብለው በጅምላ ይታለፉ ነበር። «ከመጽሐፉ» በሚለው ሥር የገባው ደግሞ በቤቱ ውስጥ የምታገለግለው ወጥ ቤት ስሟ እስከ መጨረሻ አለመነገሩ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው፣ በንባቤ መካከል ደጋግሞ የሚሰማኝ የነበረው ቁጭት ከየት እንደ መጣ ገባኝ። በአያቴ ወሬ ውስጥ ስም ማጣታቸውን ሳላስተውል ያለፍኋቸውን ሴቶች መጽሐፉ አንድ ላይ ሰብስቦ በዚያች ወጥ ቤት አማካይነት አቆመብኝ። ደራሲዋ የራሷ ቅድመ አያት ለጦርነቱ መዝመቷን ከቤተሰቧ እንደ ሰማች መናገሯን ያወቅሁት ከዚህ በኋላ ነው፤ አስቀድሜ ባውቀው ኖሮ የራሴን ስሜት ትቼ የእርሷን ማብራሪያ እጽፍ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ላይ ሌላው የማያየውን የሚያይበት ቦታ አለ፤ ያንን ቦታ አይለፉት። ንጉሠ ነገሥቱን ስለሚመስል የጥላ ንጉሥ እንዲሆን የሚደረገው ገጠሬ ስሙ ምንም ነው። ይህ ስም በእንግሊዝኛው ጽሑፍ መካከል እንደ ማንኛውም እንግዳ ስም ይቀመጣል፤ የውጭ አንባቢ ትርጉሙን እስኪነገረው ይጠብቃል፤ እኛ ግን ከመጀመሪያው ጊዜ ጀምሮ ስሙ በተጠራ ቁጥር ትርጉሙንም አብረን እንሰማዋለን። «ምንም» ዘውድ ደፍቶ፣ ጃንጥላ ተይዞለት ኮረብታ ላይ ሲቆም የተሰማኝን ለመጻፍ ግማሽ ገጽ ፈጅቶብኛል፤ አልተቆጨሁም።

በተቃራኒው፣ እኛ ስለ አገራችን በማወቃችን ብቻ የምንሳሳትበት ቦታም አለ። «ታሪኩ እንዲህ አልነበረም» የሚል ዐረፍተ ነገር ከእጅዎ ሲወጣ ይቁሙ። ጸሐፊዋ ታሪክ ጸሐፊ ነኝ አላለችም፤ ልብ ወለድ ነው የጻፈችው። ያስቆጣዎት እውነተኛ ስሕተት ከሆነ አጣርተው ይጻፉት፤ ያስቆጣዎት ሲወርድ ሲዋረድ የሰማነው አተራረክ መነካቱ ከሆነ ግን ያንኑ በሐቅ ይጻፉት፤ እርሱም ራሱ ትልቅ ስሜት ነው።

ተራኪው፣ ቋንቋውና ተርጓሚው

ምንጩን ሲፈልጉ ከድርጊቱ ይልቅ አተራረኩ ሆኖ የሚያገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። የደቡብ ኮርያዋ ሃን ካንግ «ዘ ቬጀቴሪያን» በሚለው ልብ ወለዷ ሥጋ መብላት የተወችውን ሴት በሦስት ክፍሎች የምታሳየን በባሏ፣ በእኅቷ ባልና በእኅቷ በኩል ነው፤ ከአጫጭር የሕልም ትረካዎች በቀር ሴትየዋ ራሷ ተራኪ አትሆንም። መጽሐፉን ሳነብ የታፈንሁ ያህል ተሰምቶኝ ነበር። መታፈኑ በሴትየዋ ላይ ከሚደርሰው ይልቅ፣ ሁሉም ስለ እርሷ ሲናገር እርሷ ባለመናገሯ የመጣ መሆኑን የተረዳሁት «ይህን የሚነግረኝ ማን ነው?» ብዬ ክፍሎቹን በተራ ስጠይቃቸው ነው። ይህን ጥያቄ በማናቸውም ልብ ወለድ ላይ ቢያነሡት አይከስሩም።

ይኸው መጽሐፍ በትርጉም ስናነብ ልንጠነቀቅለት የሚገባንንም ያስታውሰናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አቀፉን ቡከር ሽልማት ሲያገኝ ሽልማቱን ደራሲዋና የእንግሊዝኛ ተርጓሚዋ ዴቦራ ስሚዝ ተካፍለውታል፤ በኋላም ትርጉሙ ለኮርያኛው ምን ያህል ታማኝ ነው የሚል ሰፊ ክርክር ተነሥቷል። ስለዚህ «ቋንቋው ይማርካል» ሊሉ ከሆነ የማን ቋንቋ እንደሆነ ይንገሩን። መጽሐፉን በየትኛው ቋንቋ እንዳነበቡት፣ ትርጉም ከሆነም የተርጓሚውን ስም ሳይጽፉ አይለፉ። ወደ አማርኛ የሚመልሱልን ሰዎች ስማቸው በሽፋን ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፎ፣ በአንባቢው ጽሑፍ ደግሞ ጭራሽ ሳይነሣ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ያልገባን ወይም ያልወደድነው

አንዳንድ ልብ ወለድ በመጀመሪያው ንባብ እጁን አይሰጥም። አዳም ረታ «ሕጽናዊነት» ብሎ በሰየመው አጻጻፉ የትረካን ቅርጽ ሆነ ብሎ የሚፈትን ደራሲ ስለሆነ፣ ሥራዎቹን ያነበበ ሰው «ከበደኝ» ብሎ መጽሐፉን ሲዘጋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህን ማለት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያ ላይ አይቁሙ። መንገዱ የጠፋብዎት በየትኛው ገጽ ነው? ተራኪው በተለወጠበት ነው፣ ጊዜው ወደ ኋላ በተመለሰበት፣ ወይስ የማያውቁት ቃል በበዛበት? መልሱን ሲጽፉ ሁለት ነገር ይሆናል፤ አንባቢዎ የሚጠብቀውን ያውቃል፣ እርስዎም ብዙ ጊዜ መንገዱን መልሰው ያገኙታል።

ያልወደዱትን ሲጽፉ ደግሞ ደራሲውን ሳይሆን ገጹን ይያዙ። «ደራሲው መጻፍ አይችልም» ማለት ስለ መጽሐፉ ምንም አይነግርም። «ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በአንድ ሰው አፍ ይናገራሉ፤ ገበሬውም ፕሮፌሰሩም አንድ ዓይነት ምሳሌ ይጠቅሳሉ» ካሉ ግን ማንም ሰው መጽሐፉን ከፍቶ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ ደራሲውም ቢያነበው ይጠቅመዋል። የደራስያንና የአንባብያን ማኅበረሰብ ጠባብ በሆነበት በእኛ አገር፣ ትውውቅ ብዙ ሰው ያልወደደውን ዝም እንዲል ወይም ያለ ልኩ እንዲያመሰግን ያደርገዋል። ስሜትን ከምክንያቱ ጋር መጻፍ ከዚህ መጨናነቅ መውጫ ነው፤ ሰውን ሳይደፍሩ እውነቱን መናገር ያስችላል።

ጽሑፉን ለሌላ ሰው ሲያዘጋጁ

የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን ርእስ፣ አሳታሚውንና የታተመበትን ዓመት አስቀድመው ይጻፉ። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በአውሮፓ ሳይገልጹ አይለፉ፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አንባቢን ያሳስታል። ከመጽሐፉ ቃል በቃል ሲጠቅሱ አጭር ያድርጉት፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡት፣ ገጹንም ይጻፉ። መቼት (የታሪኩ ጊዜና ቦታ)፣ ምልሰት (ትረካው ወደ ኋላ መመለሱ)፣ ንግር (ወደ ፊት የሚሆነውን አስቀድሞ መጠቆም) የሚሉ የሙያ ቃላትን የሚጠቀሙት ነገሩን ካጠሩልዎ ብቻ ይሁን። «ድንቅ»፣ «ምርጥ»፣ «ሊነበብ የሚገባው» የሚሉትን ደግሞ በመጀመሪያው ረቂቅ ይጻፏቸው፤ በሁለተኛው በእያንዳንዳቸው ቦታ ምክንያቱን ይተኩ።

የታሪኩን ምን ያህል መግለጥ እንደሚገባ ብዙ ሰው ይጠይቃል። እኔ የምከተለው መጽሐፉ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የሚገልጠውን ብቻ መግለጥ ነው። የደቡብ አፍሪካዊው ዴመን ጋልገት «ዘ ፕሮሚስ» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ቡከርን ያገኘ ልብ ወለድ፣ አንዲት እናት ከመሞቷ በፊት ባሏን ለቤት ሠራተኛዋ ለሳሎሚ ቤት እንዲሰጣት ቃል ማስገባቷን ገና በመጀመሪያው ይነግረናል፤ መጽሐፉም በአንድ ቤተሰብ አራት ቀብሮች ዙሪያ የተዋቀረ ነው። እስከዚህ መናገር ይቻላል። ቃሉ ይጠበቃል ወይስ ይታጠፋል የሚለውን ግን ለሚያነበው ሰው ይተዉለት።

በመጨረሻም ከእያንዳንዱ ማስታወሻ ሥር አምስት መስመር ያህል ክፍት ቦታ ይተዉ፤ መጽሐፉን ዳግመኛ ሲያነቡ ቀኑን ጽፈው ይጨምሩበት፤ የመጀመሪያውን ግን አይሰርዙ። የኪገንን መጽሐፍ ለሁለተኛ ጊዜ ያነበብሁት በታኅሣሥ ወር፣ በሁለት ምሽት ነው። በመጀመሪያው ንባቤ ስለ ዝምታ ባሰመርሁባቸው ገጾች ላይ አልቆምሁም፤ የቆምሁት ወይዘሮ ዊልሰን በተነሣችባቸው ቦታዎች ነበር፤ የፈርሎንግ እናት ሳታገባ አርግዛ ሳለ ከቤቷ ያላባረረቻት አሠሪዋ ናት። በመጀመሪያው ጽሑፌ ስሟ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሰም። በክፍቱ ቦታ ላይ ቀኑን ጻፍሁና «ይህችን ሴት አላየኋትም ነበር» ብዬ የገጾቹን ቁጥር አሰፈርሁ።